ሠላሳ ሁለት እንግዳ አርባ የሆነበት ፈተና

ይህ የሆነው አምና፣ ኅዳር ላይ ነው። ጤፍ የሚታጨድበት፣ ግማሹ ተማሪ «አጨዳ ነበርኩ» እያለ ከትምህርት የሚቀርበት ወር። ነገሩ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቀይ እስክርቢቶ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

በሉማሜ አቅራቢያ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ከተማ ነው። መጠርጠር እወዳለሁ፤ አልደብቅም። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ጥላሽ ሲከተልሽ ምን ፈልጎ ነው ትያለሽ» ይለኛል። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ራዳር» ነው የሚሉኝ። የማልሰማ መስሏቸዋል።

ደግሞም በከንቱ አልጠረጥርም። የማባዣ ሠንጠረዥ በኮንጎ ጫማው ውስጥ ጽፎ፣ «ቲቸር፣ እግሬን አሳከከኝ» እያለ ጫማውን ሲያወልቅና ሲያጠልቅ የዋለ ልጅ ይዣለሁ። መልሱን በሻሿ ጫፍ ላይ የጻፈችም ነበረች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ መመንጠር አልፈልግም።

ግምት ማስተማር ያለበትን ጣጣ የሚያውቀው የሒሳብ አስተማሪ ብቻ ነው። መጽሐፉ የሚለው ቀላል ነው። የአንድ ቤቱ ቁጥር ከአምስት ካነሰ ወደ ታች፣ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ላይ፣ ወደ ቅርቡ አሥር ታጠጋጋለህ፤ ከዚያ ታባዛለህ። ሠላሳ ሁለት ሠላሳ ይሆናል፤ ሠላሳ ስምንት አርባ ይሆናል። አለቀ።

ልጆቹ ግን መገመት አይወዱም። መጀመሪያ ልኩን ቁጭ ብለው ያሰሉታል፤ ከዚያ በላጲስ ያጠፉትና አጠገቡ ያለ ቁጥር ጽፈው «ገመትን» ይሉኛል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ የጠፋውን ስሌት ሳየው እቃጠላለሁ። አንድ ቀን ስቆጣ አንዷ ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ልኩን መሥራት እየቻልን ለምን እንገምታለን?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ መልስ ስላልነበረኝ ተናደድኩ።

ይህች ልጅ ይታይሽ ናት። ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ነው የምትመጣው። ቀጭን፣ አንገቷን ደፋ የምታደርግ፣ ሒሳብ ላይ ግን እሳት የሆነች ልጅ ናት። የክፍሉ አለቃ ስለሆነች ደብተር ሰብስባ መምህራን ክፍል ድረስ የምታመጣልኝ እሷ ነበረች። የማዶ ልጆች በእግር አብረው መጥተው አብረው ይመለሳሉ፤ መንገድ ላይም እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ጠያቂዋ ይታይሽ ናት።

እንግዲህ ፈተናው ደረሰ። እኔም ተዘጋጅቻለሁ። ላጲስ ሰብስቤ ጠረጴዛዬ ላይ ከመርኩ። የማዶዎቹን ልጆች በየአግዳሚው በትኜ፣ ከሉማሜ ከተማ ከሚመጡት ጋር አቀላቅዬ አስቀመጥኳቸው። ጥያቄዎቹ ብዙ ነበሩ፤ ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልጉት ግን ሁለቱ ናቸው። አንዱ እንዲህ ይላል፦ ለዝክር ሠላሳ ሁለት ሰው ተጠርቷል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አራት ቁራሽ ዳቦ ቢሰጥ በግምት ስንት ቁራሽ ያስፈልጋል? ሁለተኛው ደግሞ፦ ከአንድ ማሳ ሠላሳ ስምንት ነዶ ጤፍ ቢታሰር፣ ከስድስት እኩል ማሳዎች በግምት ስንት ነዶ ይገኛል? የመጀመሪያው መልስ ሠላሳ ሲባዛ በአራት፣ መቶ ሃያ ነው። የሁለተኛው አርባ ሲባዛ በስድስት፣ ሁለት መቶ አርባ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እቤቴ ተቀምጬ ማረም ጀመርኩ። የዝክሩ ጥያቄ ላይ አንዱ ልጅ አርባ በአራት አባዝቶ መቶ ስድሳ ብሏል። ኤክስ አደረግሁ። ሌላውም መቶ ስድሳ። ኤክስ። ሦስተኛዋም መቶ ስድሳ። እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ። የነዶውን ጥያቄ ገልጬ ሳይ፣ የነዚሁ ልጆች መልስ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፤ ሠላሳ በስድስት፣ መቶ ሰማንያ።

ወረቀቱን ሁሉ አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። መቶ ስድሳና መቶ ሰማንያ ያሉትን ለብቻ ለየሁ። ስማቸውን ሳይ፣ ከአንድ ልጅ በቀር ሁሉም የማዶ ልጆች ናቸው። ከላይ የይታይሽ ወረቀት። በሌሎቹ ጥያቄዎች እኮ በትክክል አጠጋግተዋል! እነዚህ ሁለቱ ላይ ብቻ፣ ሁሉም፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ተሳስተዋል።

ልክ የሆነ መልስ አንድ ዓይነት ቢሆን አያስገርምም። አንድ ዓይነት ስህተት ግን ከየት ይመጣል? ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። «ምናልባት ያስተማርሻቸው አልገባቸው ይሆናል» አለኝ። «ለማዶ ልጆች ብቻ ነው ያልገባቸው? ለሁለት ጥያቄ ብቻ?» አልኩት።

በሐሳቤ ነገሩን ገጣጠምኩት። ይታይሽ ደብተር ስታመጣ የጥያቄ ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ አይታዋለች። መንገድ ላይ ሠርታ ለሰፈሯ ልጆች አከፋፍላለች። ሁለቱ ላይ ራሷ ስለተሳሳተች ሁሉም አብረው ተሳሳቱ። ቁልጭ ያለ ነገር! ሰኞ እስኪደርስ ቸኮልኩ።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ይታይሽን መምህራን ክፍል አስጠራኋት። የትኛው ጥያቄ እንደሆነ አልነገርኳትም። ብልጠቴ ነበር፤ ከነገርኳት ምክንያት ታዘጋጃለች ብዬ ነው። «ፈተናውን ከየት አየሽው?» አልኳት። «አላየሁም ቲቸር።» «ማን ሰጠሽ?» «ማንም።» «መልሱን ለማን ለማን ነገርሽ?» ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ኧረ ሚካኤልን፣ አልሰረቅሁም» አለች። በታቦት ስትምል ጭራሽ ባሰብኝ። ይህን ያህል የሚያስምላት ነገር ቢኖር ነው አልኩ።

ርዕሰ መምህራችን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጎ አያቸውና «ይሄማ ግልጽ ነው» አለ። የማዶ ልጆች ውጤት እንዲያዝ፣ ይታይሽም ወላጅ ይዛ እስክትመጣ ክፍል እንዳትገባ ወሰነ። እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ይታይሽ አልመጣችም። በሌላው ቀንም አልመጣችም። ከፊት ያለው ቦታዋ ባዶ ነው፤ የማዶ ልጆች ደግሞ ስገባ ይነሳሉ፣ ስጠይቅ ይመልሳሉ፣ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ጌትነት የሚባለውን የሰፈሯን ልጅ ጠየቅሁት። «አባቷ፣ በሌብነት ስሟ ከሚነሳ እቤቷ ትቀመጥ አለ። አጨዳ ላይ ናት» አለኝ።

እዚህ ላይ ደነገጥኩ። በአጨዳ ሰበብ ከስድስተኛ ክፍል ቀርታ የተመለሰች ሴት ልጅ ስንት አይቻለሁ? መጀመሪያ ለአጨዳ ይባላል፤ ቀጥሎ ለውቂያ ይባላል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይላክና ነገሩ ያበቃል። ይህን አውቃለሁ። ግን ደግሞ ያ ክፉ ሐሳቤ አልተወኝም። ንጹሕ ብትሆን አባቷን ይዛ መጥታ አትከራከርም ወይ? ይል ነበር።

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና አንድ ወጥመድ አሰብኩ። የማዶ ልጆችን አንድ በአንድ ለብቻ በቃል እፈትናለሁ። አዲስ ቁጥር እሰጣለሁ። የሸመደደ ልጅ ቁጥሩ ሲቀየር ይዘባርቃል፤ ያኔ አፋጥጬ ማን እንዳስጠናቸው አወጣለሁ።

ከግቢያችን ባሕር ዛፍ ሥር ወንበር አስወጥቼ ተቀመጥኩ። የሳይንስ አስተማሪው ጓደኛዬ መልካሙ የጨረሱት ካልጨረሱት ጋር እንዳይገናኙ እንዲጠብቅልኝ ለመንኩት። «ሽፍታ ነው እንዴ የያዝሽው?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን ጠበቀልኝ።

መጀመሪያ ጌትነት መጣ። «አርባ ሦስት ሲባዛ በሦስት፣ በግምት?» አልኩት። «አርባ በሦስት፣ መቶ ሃያ» አለ፣ ሳያመነታ። ልክ ነው። ትንሽ ቆየሁና «ለዝክር አርባ ሦስት ሰው ቢጠራ፣ ለያንዳንዱ ሦስት ቁራሽ ዳቦ ቢሰጥ፣ በግምት ስንት ቁራሽ?» አልኩት። «ሃምሳ በሦስት፣ መቶ ሃምሳ።»

«አንተ! አሁን አርባ ብለኸኝ አልነበረም?»

«እሱማ ቁጥር ነው፣ ቲቸር። ይሄ ሰው ነው።»

«ሰው ቢሆንስ?»

ልጁ ግራ ገብቶት አየኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር የምጠይቀው ስቀልድ መስሎታል። «ሰው ብቻውን ይመጣል እንዴ? የተጠራው ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። መንገደኛ ይገባል። በዝክር ቀን እንግዳ ዳቦ ቢያጣ ነውር አይደለም?»

ቀጥዬ የነዶ ጥያቄ ሰጠሁት። ሃያ ሰባት ነዶ፣ አምስት ማሳ። «ሃያ በአምስት፣ መቶ» አለ። ሠላሳ ለምን አላልክም ስለው «ገና ሜዳ ላይ አይደል እንዴ?» አለኝ። «በረዶ አለ፣ ዝናብ አለ። ጎተራ ሳይገባ ይህን ያህል አገኛለሁ ብል አባቴ ይቆጣኛል።»

ይህንንም አጥንተውታል ብዬ ጠረጠርኩ፤ አያችሁልኝ ጉዴን! ሁለተኛዋን ጠራሁ። ስልሳ አንድ እንግዳ ስላት ሰባ አለችኝ። ባዶ ስልሳ አንድ ስላት ስልሳ። ሦስተኛው በሠርግ ስጠይቀው ወደ ላይ ወጣ፤ በባቄላ ስጠይቀው ወደ ታች ወረደ። ማንም ከማንም አልሰማም። ማንም አልዘባረቀም። ለሰው ሲሆን ወደ ላይ፣ ላልገባ እህል ወደ ታች። መጽሐፉን በደንብ ያውቁታል፤ ቁጥሩ ብቻውን ሲሆን አንዳቸውም አልሳቱትም።

በመጨረሻ ያን ከሉማሜ ከተማ የሚመጣውን፣ ወረቀቱ ከማዶዎቹ ጋር አንድ ዓይነት የሆነብኝን ልጅ ጠራሁት። ፈተናው ላይ ከጌትነት ጎን ነበር የተቀመጠው። ለዝክር አርባ ሦስት ሰው ስለው አርባ ብሎ መቶ ሃያ አለኝ። «ፈተናው ላይ ግን ወደ ላይ ነበር የሄድከው፣ ለምን?» አልኩት። መሬት መሬት አየ። እሱስ የእውነት ኮርጇል። ራዳሩ ጨርሶ አልተበላሸም ብዬ ለአንድ አፍታ ተጽናናሁ።

ከዚያ ግን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት እንደኔ ላለ ፈራጅ መሆኑ ገባኝ። መልካሙ መጥቶ «እህስ፣ ሌባው ተገኘ?» ሲለኝ እንባዬ መጣ። የትኛው ጥያቄ እንደሆነ ለይታይሽ ብነግራት ኖሮ እዚያው መምህራን ክፍል በአንድ ቃል ታስረዳኝ ነበር። ምክንያት እንዳታዘጋጅ ብዬ አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ተነስቼ ብቻዬን ወደ ማዶ ሄድኩ። ኅዳር ሚካኤል ነበር። መንገዱን እየጠየቅሁ፣ ውሻ እየፈራሁ፣ የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ ደረስኩ። የይታይሽ አባት ቤት ግቢው በሰው ተሞልቷል። ለካ የሚካኤል ዝክር አለባቸው! ልመለስ ብዬ ዞር ስል አንዲት ሴትዮ እጄን ያዘችና «ይግቡ እንጂ፣ ምን ያቆምዎታል» ብላ ጎትታ አስገባችኝ። ማን ነሽ፣ ማን ጠራሽ ያለኝ የለም። ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

የይታይሽ አባት ጠላ ሲያስቀዳ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። አወቀኝ። ቀስ ብሎ መጣና ከፊቴ ቆመ። «ልጄን ሌባ ያሏት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። አንቺ ብሎ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ያቺ ያስገባችኝ ሴትዮ ለካ እናትየዋ ናት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ግን «ዛሬ የሚካኤል ቀን ነው» አለች ባሏን። «መጀመሪያ ይቅመሱ። ነገሩ የትም አይሄድም።»

ይታይሽ ዳቦ በሌማት ይዛ እየዞረች ነበር። እጇ በማጭድ ተልጧል። እኔ ጋ ስትደርስ ዓይኗን አላነሳችም፤ ድርሻዬን እንደማንኛውም እንግዳ ሰጠችኝና አለፈች። ዳቦውን ቆርሼ ቀመስኩና የቀረውን በእጄ ያዝኩ።

ተነሳሁ። «አንድ ነገር ልናገር» አልኩ። «ይታይሽ አልሰረቀችም። ማንም አልሰረቀም። እኔ ነኝ ሳልጠይቅ የፈረድኩ። ስሟን በአደባባይ ያጠፋሁት እኔ ስለሆንኩ በአደባባይ ልመልሰው ነው የመጣሁት። ልጅቱን ከትምህርቷ አታስቀሩብኝ።»

አባትየው ወዲያው አልተፈታም። «ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ጠፋ አይሉም?» አለኝ።

«ልል እችላለሁ» አልኩት፤ መዋሸት አልፈለግሁም። «ግን መጀመሪያ ምን እንደጠረጠርኩ ለራሷ እነግራታለሁ።»

ራሱን ወዘወዘ። ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «በቃህ፣ ሰው ቤትህ ድረስ መጥቶ» አሉት። እሱም ጠላ ቀዳና በገዛ እጁ ሰጠኝ። ምሬዎታለሁ አላለኝም። እኔም አልጠበቅሁም።

ያኔ ነው ይታይሽ ሌማቷን እንደያዘች ቀረብ ብላ፣ ቀስ ብላ «ቲቸር፣ የትኛው ጥያቄ ነበር ግን?» ያለችኝ። ያን ሁሉ ቀን ማጭድ ይዛ ስትብሰለሰል የከረመችው በዚህ ነበር። ነገርኳት። ሠላሳ ሁለት ሰው፣ አራት ቁራሽ፤ በመጽሐፉ ሠላሳ ይሆናል አልኳት።

አሰበችበት። ሌማቷን አየች፤ የቀረው ጥቂት ነው። ከዚያ በእጄ የያዝኩትን ዳቦ አየች። «እኛም ሠላሳ ብለን ጋግረን ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «ለእርስዎ አይደርስም ነበር።»

ለማሽሟጠጥ አልነበረም። ሒሳቡን ነው የነገረችኝ። እናቷ «አንቺ ልጅ!» ብላ ተቆጣቻት፤ እኔ ግን ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ይታይሽ ከፊት ቦታዋ ላይ ነበረች። የማዶ ልጆችንም ውጤት አስተካከልኩ። ርዕሰ መምህሩ «መጽሐፉ የሚለው ሌላ ነው» ብሎ አጉረመረመ፤ እኔም ጥያቄው ስንት ያስፈልጋል ነው የሚለው፣ ልጆቹ የሚያስፈልገውን ነው የመለሱት አልኩት። ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ፤ የክልል ፈተና ላይ መጽሐፉን ተከተሉ፣ ቤታችሁ ግን እንደለመዳችሁት አድርጉ። ልኩን እያወቅን ለምን እንገምታለን ለሚለው ጥያቄዋም መልስ አገኘሁ፤ የሚመጣውን ሰው ልክ ማንም ስለማያውቅ ነው።

ይታይሽ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ናት። አባቷ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ አሁንም ሰላምታው ጠበቅ ያለ ነው። አልፈርድበትም፤ የጠርጣሪን ዓይን ስለማውቀው። እኔም መጠርጠሬን አልተውኩም፣ ጫማ አሁንም አስወልቃለሁ። ግን አንድ ዓይነት ስህተት ባየሁ ቁጥር እስክርቢቶውን አስቀምጬ ልጁን እጠራና «እስቲ እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ» እላለሁ።

ደግሞ ዝክር ቤት ገብቼ ዳቦ በተቀበልኩ ቁጥር አፍራለሁ። ያን ቀን ሳልጠራ ሄጄ የበላሁት፣ በቀይ እስክርቢቶ ኤክስ ያደረግሁበትን ትርፍ ዳቦ ነው።